ባደሩበት ስለተቆጠሩት ከብቶች

ለክቡር የደብረ ማርቆስ ሬዚዳንት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የደጋችን ብርድ ሳይጎዳዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና፣ አብዝቼ እመኛለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያው መካከል በጡሩምባ አስጠርተው፣ በ፲፱፻፳፱ እና በዘንድሮው በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. የተደረጉት የከብት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ በሀብታምና በድኻ መካከል ያለው ልዩነት በግማሽ መቀነሱን በአስተርጓሚዎ አሰምተውናል። በገበያ የተነገረ ነገር መልሱም በገበያ ቢነበብ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ። ቤይሩት ሒሳብ ስማር ድኻን በሁለት ዓመት የሚያበለጽግ ስሌት ስላላስተማሩን፣ የእርስዎን ለመረዳት ከብቱ ወደተቆጠረበት ወደ አምበር ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ያልገባኝን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በመጀመሪያው ቆጠራ የአምበሩ ባላምባራስ እንዳላማው በበረታቸው ስልሳ ከብት ነበራቸው፤ ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማሬ አንድ በሬ ነበራት። ዘንድሮ ባላምባራስ አራት፣ ማሬ ስድስት ሆነው ተገኙ። ቆጣሪዎ ከብትን ባደረበት ቤት የሚቆጥር ትጉህ ሰው ነው። በእኛ አገር ግን ከብት የበዛበት ሰው ላሞቹን በድኻ ቤት በርቢ ያስቀምጣል፤ ድኻው ይጠብቃል፣ ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃ ሲወለድ ይካፈላሉ፣ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት። ባላምባራስም እርስዎ ሽፍታ የሚሏቸው ሰዎች እንዳይነዱባቸው ከብታቸውን በየጎጆው በትነዋል። ማሬ ለቆጣሪው፣ «ጌታው፣ አምስቱ የባላምባራስ ናቸው፤ የእኔ ይኼ ቀዩ በሬ ብቻ ነው» ብትለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሀብትሽን አትካጅ» ብሎ አልፏታል። ሳታውቀው ስላበለጸጓት በእርሷ ስም አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ በመጀመሪያው ዓመት የተቆጠሩ፣ በኋላ ግን ወታደሮችዎ ያቃጠሏቸው መንደሮች ሰዎች ዘንድሮ አልተቆጠሩም። ቆጣሪዎ ምክንያቱን ስጠይቀው ቤት የሌለው ሰው አይቆጠርም ብሎኛል። ከሁሉ የደኸየውን ከቆጠራው አውጥቶ የቀረውን ማወዳደር ልዩነትን በፍጥነት እንደሚያጠብ አልክድም። ጥቂት መንደር ቢጨምሩበት ፈጽሞ እኩል ልንሆን እንችላለን።

፫ኛ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዋናው ጉዳይ ነው። ከአምስት ከብት በላይ ያለው ሁሉ ለጦሩ ሥጋ አንድ በሬ ይስጥ ብለው አዘዙ። ባለ አራቱ ባላምባራስ ነጻ ሆኑ፤ ባለ ስድስቷ ማሬ ግን ተገደደች። ወታደሮቹ ሲመጡ ባላምባራስ ፈጥነው ደርሰው አምስቱ የእኔ ናቸው፣ እንዳትነኩ አሉ፤ አስተርጓሚዎም እውነት ነው ብሎ መሰከረላቸው። ስለዚህ ቀዩን በሬ ነዱት። አምስቱ ከብቶች ለቆጠራ የማሬ፣ ለግብር የባላምባራስ የሚሆኑበትን ሒሳብ ቢያስተምሩኝ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ተማሪ እሆን ነበር።

ያ በሬ ከጎረቤቷ ከፈንታ ብቸኛ በሬ ጋር እየተቀናጀ የሁለት ቤት ማሳ ያርስ ነበር። አሁን የፈንታ በሬ ብቻውን ቆሟል። ግንቦት እየተገባደደ ነው፤ ዝናቡ ሲጥል ያላረሰ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። ቀዩ በሬ እስከ ትናንት ድረስ በምሽግዎ በረት ታስሮ ታይቷል። ከመታረዱ በፊት ይመልሱላት። የምለምንዎ ይህንን ብቻ ነው፤ ይህን ስል አልቀለድሁም።

ለድካምዎ ሁሉ የሚገባዎትን ዋጋ እግዚአብሔር ሳያጓድል እንዲከፍልዎ እየተመኘሁ፣ ቤቱ ስለተቃጠለ በቆጠራዎ የሌለው ታዛዥዎ፣

ወልደ ሰንበት ድረስ

ማስታወሻ፤ ሥርዓትዎን እያጠናሁ ሳለሁ አንድ ነገር ከነከነኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እርስዎም ሠራዊትዎም ምሽግ ገብታችሁ በሩን ትዘጋላችሁ። ሁሉም ነገር ባደረበት ይቆጠር ካሉን፣ በጎጃም ያለዎት ግዛት ከዚያ አጥር አያልፍም። ለሮማ ሲጽፉ ይህችንም ልኬት እንዳይረሱብኝ።