ከማዶ የመጣችው አክስትሽ

ሰቆጣ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትናየት፣

እንደምን አለሽልኝ፣ ዓይኔ? የዱባዩ ሙቀት በርትቷል ብለሽኝ ነበር፤ ቀለል አለልሽ? እኛ በጤና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልከፋም፣ ገብሱ ይዟል፣ ላሟም ወልዳለች። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ብዕር ያነሣሁት በስልክ የማልችለው ነገር ስለገጠመኝ ነው። ደጋግሜ ደውዬ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ላሟ አውርቼ ዘጋሁት። የአስማረ ልጅ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ዱባይ ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ሥራ ላይ ሆነሽ እንዳታነቢው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ማንም አልሞተም። አስቀድሜ ይህን ልበልሽ።

ነገሩ የሆነው በሻደይ ነው። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹና ካህናቱ ተመካክረው ከተከዜ ማዶ ያሉትን ሰዎች ለበዓሉ ጠሯቸው። የእኛ ሻደይና የእነሱ አሸንዳ ያው አንድ ቅጠል ነው፤ ልጃገረዶቹ አብረው ይጨፍሩ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ቁጭ ብለን ጦርነቱ ያደረሰብንን እንነጋገር፣ ገበያውም እንደ ድሮው ይገናኝ ተባለ። አባትሽን ከተቀማጮቹ ሽማግሌዎች አንዱ አድርገው መረጡት። አልሄድም አለ። መጀመሪያ ወገቤን አለ፤ ቀጥሎ አረሙ አላልቅ ብሎኛል አለ። "ሰው ምን ይላል? ሰላም የጠላህ ትመስላለህ" ብዬ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥዬ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተተክሏል። እኛ በአንድ ወገን፣ እንግዶቹ በሌላ ወገን ተቀመጥን፤ መካከሉ ባዶ ነው። ከውጭ የልጃገረዶቹ ከበሮ ይሰማል፣ ውስጥ ግን ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። አባ ወልደ ሐዋርያት ጸሎት አድርሰው፣ "ዛሬ ማንም ለማንም መልስ አይሰጥም። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል" አሉ። አስተማሪዋ ምህረት ሦስቱንም ቋንቋ ስለምታውቅ ትግርኛውን ወደ አማርኛና ወደ አገውኛችን ወደ ኽምጣንጋ፣ የእኛንም ወደ ትግርኛ ትመልስ ነበር።

ጎረቤታችን ሀይሉ በጦርነቱ ስለተገደለው ልጁ ስለ የሻምበል ተናገረ። ምን ብሎ እንደተናገረ ታውቂዋለሽ፤ አብረሽው ያደግሽ ልጅ ነው። ከእነሱም አንድ ሽማግሌ ጎተራው ከነእህሉ ሲቃጠል ቆሞ ማየቱን ተናገሩ። ከዚያ አንዲት ሴት ተነሣች። ጥቁር ነጠላ ለብሳለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ስሟ ወለተጊዮርጊስ ይባላል።

"እኔ የመጣሁት ስለ ጦርነቱ ለመናገር አይደለም" አለች። "በሰባ ሰባቱ ረሀብ እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዛ ወደ እናንተ አገር ተሻገረች። እህል ከሚታደልበት መጠለያ ስንደርስ እናቴ ታመመች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ወንድሜን ውኃ እንዲያመጣ ላክሁት። ሰዉ ብዙ ነበር፤ ሳይመለስ ቀረ። እናቴ ድና አገሯ ገባች። ልጄን ሳላይ እያለች የዛሬ ሁለት ዓመት አረፈች። ወንድሜ ገብረ አማኑኤል ይባል ነበር። ከእናንተ የቀበረው ሰው ካለ፣ እባካችሁ መቃብሩን ያሳየኝ።"

ምህረት ይህንን መልሳ ሳትጨርስ አባትሽ ከወንበሩ ተነሣ። ሊወጣ መስሎኝ ነበር። ወደ ባዶው መካከል ገባና ቆመ።

"ኣለኹ" አለ።

በትግርኛ። የእኛ አለሁ ማለት ነው። ምህረት አፏን ይዛ ቀረች፤ የሚተረጉም ጠፋ። ሴትዮዋ ተጠግታ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ የእናታችን ስም ማን ነው ማለቷ እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። እሱም መለሰላት። ከዚያ በትግርኛ ተናገረ፤ እየተንተባተበ፣ የሕፃን ልጅ በሚመስል ድምፅ። ያን ድምፅ በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ሴትዮዋ እግሩ ሥር ተቀመጠች፣ እሱም አብሯት ተቀመጠ። ልጄ፣ እኔ አላለቀስሁም። ይህን ያህል ዘመን ከጎኔ የተኛው ሰው ማን ነው እያልሁ ደርቄ ቀረሁ።

ሀይሉ ተነሣ። አባ ሊያስቀምጡት ሞከሩ፤ አልተቀመጠም።

"የኔሰው፣ የልጄን አስከሬን በአንድ ቃሬዛ ተሸክመናል። ያን ቀን አንተ ማን ነበርህ?" አለው አባትሽን።

"ያን ቀንም የኔሰው ነበርሁ" አለ አባትሽ። "ለየሻምበል ያለቀስሁት ከአንጀቴ ነው። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ለማዶዎቹ አለቅስ ነበር። ሁለቱንም ለማንም ሳልናገር ኖርሁ።"

ሀይሉ ከድንኳኑ ወጣ። እስከዛሬ በራችንን አልረገጠም። እኔም አልፈርድበትም።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "አሁን ንገረኝ" አልሁት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። መጠለያው ውስጥ ወባ ጥሎት አንድ ሰው አንሥቶ አስታመመው። ያ ሰው አያቴ ስትዪው ያደግሽው ገብረ ጻድቅ ነው። የራሱ ልጆች በረሀቡ አልቀውበት ነበር። "እናትህም እህትህም ሞተዋል" አለው። የኔሰው የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው። ወደ አገሩ ወደ ፃግብጂ ወስዶ የአብራኬ ክፋይ ነው ብሎ አሳደገው፤ መሬቱን ዘመድ እንዳይነጥቀው ለማንም እንዳይናገር በታቦት አስማለው። እኔን ሲያገባኝም የተቆጠረው ሰባት ቤት የገብረ ጻድቅ ነበር። ልጁም አምኖ ዝም አለ። እስከዚህ ድረስ አዘንሁለት።

አሁን የሚመጣውን በቀስታ አንብቢው።

ከጦርነቱ በፊት ያ የወደድሽው የማዶ ልጅ፣ ኪሮስ፣ ሊያገባሽ ሽማግሌ የላከ ዕለት ሽማግሌዎቹ የልጁን ዘር ሲቆጥሩ፣ "እናቱ ወለተጊዮርጊስ፣ አያቱ ቄስ ወልደ ሥላሴ" ብለው ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ለእኔ ስም ብቻ ነበር። አባትሽ ግን የአባቱንና የእህቱን ስም ነው የሰማ። እህቱ በሕይወት አለች፣ ልጅ ወልዳለች፣ ያ ልጅ ደግሞ ልጁን ሊያገባ ደጁ ላይ ቆሟል። ኪሮስ የአክስትሽ ልጅ ነው፣ የትናየት። ሊሆን የማይችል ጋብቻ ነበር። አባትሽ ይህን እንደ መናገር፣ "ለማዶ ሰው ልጄን አልድርም" አለ። ያን ክፉ ቃል በሰው ፊት የተናገረው ለዚህ ነው። አንቺም በዚያ ቃል ምክንያት የአባትሽን ምርቃት ሳትቀበዪ ወደ ዱባይ ወጣሽ፣ ስሙንም መጥራት ተውሽ። እኔም የማዶ ሰው ጠላት አድርጌ አየሁት፤ ጦርነቱ ሲመጣ ጎረቤቶቻችን እንዲያውም አርቆ አሳቢ ነው አሉት።

"እናትህ በሕይወት ነበረች እኮ" አልሁት። "ያን ጊዜ ብትናገር ታገኛት ነበር። የልጅህንም ልብ አታጣም ነበር።"

"ፈራሁ" አለ። "መሬቱን ብቻ አይደለም። አንቺ ውሸታም ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ጦርነቱ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ እንዴት ይነገራል?"

ተነሥቼ ቀድሜው ሄድሁ።

በማግስቱ አክስትሽ ቤታችን መጣች። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽን አየችና፣ "ኪሮስ ያላት ልጅ ይቺ ናት?" አለችኝ፤ አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ ግን እንግባባለን። ፎቶሽን አውርዳ ስማ አገላብጣ አየችው። አፍንጫሽ የእናቷ ነው አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለልጇ ደወለች። መቀሌ ሹፌር ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ልጁም በአማርኛ፣ "እማማ ውዴ፣ የትናየት ይህን ታውቃለች?" አለኝ።

አታውቅም አልሁት።

"እባክዎ ይንገሯት። አባቷ እኔን ንቀው እንዳልሆነ ትወቅ። እኔም እስከ ዛሬ የተናቅሁ መስሎኝ ነበር" አለ።

አግብቷል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። አንቺም አትጠይቂኝ።

አባትሽን ማሪው አልልሽም። እኔም ገና አልማርሁትም። ስትደውዪ ስልኩን ስጪው ብዬም አላስጨንቅሽም። ግን ባለማወቅ የሚጠላ ሰው እንዳትሆኚ ብዬ ነው የጻፍሁልሽ፤ ካወቅሽ በኋላ ልብሽ ያዘዘሽን አድርጊ።

አሁን እዚህ የለም። ከእህቱ ጋር የእናቱን መቃብር ሊያይ ተሻግሯል። "ነዪ አብረን እንሂድ" ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልሁት። ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። የአገሩ ሰው ብዙ ነው፤ ዘመዱ ሁሉ እየተቀበለው ይሆናል። በሬዎቹን ጎረቤት እያበላልኝ ነው። ደህና ነኝ፣ ስለኔ አታስቢ። ማታ ውሻው ሲጮኽ ብቻ ወጥቼ አያለሁ።

ሰው ሁሉ ወሬው ስላላለቀለት ገበያ መውጣት ትቼ ነበር። ትናንት ግን አባ ወልደ ሐዋርያት መጥተው፣ የሚመጣው ቅዳሜ ከሰቆጣ ነጋዴዎች ወደ ማዶ ይሻገራሉ፣ ገበያው ተከፍቷል አሉኝ። አሰብሁበት። እኔ ያገባሁት እናት አባት የሞቱበትን ሰው ነበር፤ ለአማቴ አልታዘዝሁ፣ አላስታመምሁ፣ ስትሞት ደረቴን አልመታሁ። ስሟን እንኳ ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው። ቅዳሜ ከገበያተኞቹ ጋር እሻገራለሁ። ባሌን ፍለጋ አይደለም። ምራቷ ነኝና ሄጄ ላለቅስላት ነው።

ማርያም በሰው አገር ጥላ ትሁንሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ በሰላም ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ።

እናትሽ ውዴ