ዩሮ ሳጥን ለሆነበት ቢሮ

ለተከበሩ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ መጋረጃ ድርብ ይሁን እያልኩ፣ ትምህርትና እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ስለተለያየን ለፊደል ግድፈቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልብስ ሰፊው አጎቴ ልቡ ደክሟል። ባሕር ማዶ ያለ ሐኪም ቤት ሊያክመው ተስማምቶ ዋጋውን በዩሮ ጽፎ ልኳል፤ ዘመድ አዝማድም አዋጥቷል። የቀረው ገንዘቡ እንዲመነዘር እርስዎ መፍቀድዎ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ማመልከቻውን እኔው በኮምፒውተር ጽፌ በፍላሽ አመጣሁ። እኔ ጋ ቁልጭ ብሎ የሚታየው የዩሮ ምልክት በጸሐፊዎ ማሽን ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። እትዬ ጸሐፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ሳጥን የሚባል ገንዘብ አናውቅም፤ አስተካክለህ ና» አሉኝ። ይህን ለአክስቴ ብነግራት፣ ሳጥን የሚለውን እንደሰማች ምላስህ ይቆረጥ ብላ ተነሳችብኝ። ለትጋትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ሌላው ከሞት በኋላ የሚያስበውን ሳጥን የእርስዎ ቢሮ አስቀድሞ ያቀርባል።

ሁለተኛ፣ ዩሮ ብዬ በፊደል ብጽፈው መመሪያው ምልክት ይላል ተባልኩ። የዶላሩ ምልክት በኮምፒውተሩ መጻፊያ ላይ አራት ቁጥር ራስ ላይ ተቀምጦ ስለማይጠፋ እሱን ባደርግ፣ ከሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ጋር አይገጥምም ተባልኩ፤ ይኼስ እውነት ነው። በእስክሪብቶ ብስለው ሰነድ አበላሸህ፣ ፎንት የሚባለውን የጎደለ የፊደል ዓይነት ልጫንላችሁ ብል የመንግሥት ንብረት አይነካም ተባልኩ።

ሦስተኛ፣ እትዬ ጸሐፊ ዞር ሲሉ ምልክቱን ከወረቀት ቆርጬ፣ በምላሴ አርጥቤ፣ ስክሪናቸው ላይ በሳጥኑ ልክ ለጠፍኩላቸው። እውነቴን ነው፣ አምሮበት ነበር። ችግሩ፣ ጽሑፉን ወደ ታች ሲያወርዱት ምልክቱ አልወርድም አለና የባለጉዳዩ ሁሉ ስም ዩሮ ዩሮ ሆነ። ጥበቃዎ አንገቴን ይዞ እስከ በር ስለሸኘኝ አመሰግናለሁ።

ይኸው የሐኪም ቤቱ ቀጠሮ አለፈ። ሌላ ቀጠሮ እንለምን ብንለውም አጎቴ ጅምር ልብሶቹን ለጎረቤቱ ሰፊ እያስረከበ ነው። የእኔን ሱሪ ብቻ አስቀርቶ፣ «ያንተን እግር ሌላ ሰው አይችለውም» አለኝ። ለሁሉም ቀልድ አላጣም ነበር፤ ለዚህ ግን አጣሁ።

ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ በየደረጃው እጅ እየነሳሁ፣
የልብስ ሰፊው የወንድም ልጅ፤ በጥበቃዎ አጠራር «አጅሬ»

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ፖስታ ልለጥፍ ስል ከቢሮዎ ተደወለልኝ። ማሽኑ ተቀይሮ ምልክቱ ታይቷል፤ አሁን ባለጉዳዩ ራሱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ይፈርም ተባልኩ። አጎቴን ደረጃ ሐኪም ከልክሎታል። እርስዎ ይውረዱልን ልል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከእናንተ ዘንድ በፈቃዱ የወረደ ኃላፊ ታይቶ አያውቅም።