ሰባተኛዋ ግራቪሊያ ለምን ለመለመች?

ሰኞ፣ ግንቦት 3

አራተኛዋም ቢጫ ሆነች። ጠዋት የውሃውን ጎማ ይዤ ስወጣ ቅጠሏ እግሯ ሥር ተነጥፎ አገኘሁት። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ጡረታ ወጥቶም መመዝገቡን አይተውም፤ እነሆ፦

አንደኛዋ፣ ጫፏ ደርቋል።
ሁለተኛዋ፣ ግማሽ ጎኗ ቢጫ።
ሦስተኛዋ፣ ያው እንደ ሁለተኛዋ፣ ትንሽ ትሻላለች።
አራተኛዋ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ደግሜ መጻፍ አልፈልግም።
አምስተኛዋና ስድስተኛዋ መገርጣት ጀምረዋል።
ሰባተኛዋ ደህና ናት።

ከደብረ ታቦር መንገድ ወደ ሰፈራችን በሚገባው መንገድ ዳር አምና ክረምት ሰባት ግራቪሊያ ስንተክል፣ ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ልጅ የለኝም፣ ከብት የለኝም፣ ቧንቧ ግን አለኝ። ሥራ የፈታሁ መስሏቸው ይሆናል። ለነገሩ ፈትቻለሁ። ጥር ላይ መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር የእያንዳንዷን ዙሪያ በጭቃ ከተርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ክትሩ እስኪሞላ አጠጣለሁ። አንድም ቀን አልዘለልኩም። ታዲያ ምን ጎደለባቸው?

ጥፋተኛውን ግን አውቀዋለሁ። ትናንት ዕድር ላይ ተነስቼ ተናገርኩ፤ መንገዱ ጫፍ ላይ ተራ የሚይዙት ባጃጆች የተቃጠለ ዘይት እየደፉ ዛፎቻችንን ገደሉብን አልኩ። የተራው አለቃ ሙሉቀን እዚያው ተቀምጦ ነበር። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ስንደፋ አይተውናል?» አለኝ። «አይቻለሁ» አልኩት። ያየሁት አንድ ቀን ነው፣ አንድ ሾፌር፣ እሱም ሰባተኛዋ ሥር። ይህን ግን አልተናገርኩም። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደሴ ነገሩን ለመጪው እሑድ ቀጠሩት። እስከዚያ ድረስ ባጃጆቹ ከሰፈራችን ይነሱ የሚል ማመልከቻ ፊርማ ይሰበሰብበታል። መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

እሑድ ባዶ እጄን መቅረብ የለብኝም ብዬ ማስረጃ ፍለጋ ተነሳሁ። ከአራተኛዋ ሥር አንድ ጭብጥ አፈር አምጥቼ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጠበጥኩት። ዘይት ካለው ከላይ ይንሳፈፋል። ጠበቅሁ። ምንም የለም፤ ጭቃ ብቻ። የአንደኛዋን ሞከርኩ፣ ምንም። የሁለተኛዋንም፣ የሦስተኛዋንም። ብርጭቆ አለቀብኝ፤ አምስተኛዋንና ስድስተኛዋን በጣሳ ሞከርኩ። ምንም።

በመጨረሻ ሰባተኛዋ። ይኸው! ቀለማም ሆኖ የሚያብረቀርቅ ነገር ከላይ ተንሳፈፈ። ብቻዬን ቤት ውስጥ «ተያዙ!» ብዬ ጮህኩ። ጣሳውን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ፣ ለማን እንደማሳይ ሳላውቅ።

እዚያ ቆሜ ነው ያስተዋልኩት። ሰባተኛዋ ደህና ናት። ደህና ብቻ አይደለችም፣ ከሁሉም በላይ የለመለመችው እሷ ናት፤ ባለፈው ወር ከእኔ ቁመት አልፋለች። ዘይት ያለባት ለምልማ፣ ዘይት የሌለባቸው ይደርቃሉ? አናደደችኝ። ሰው በደህና ዛፍ ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ።

ለስድስቱ ውሃ ጨመርኩላቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ምስጥ? ግንዳቸውን አየሁ፣ የለም። ሰረዝኩት።
ፍየል? ቅጠሉ ሳይበላ ነው የሚረግፈው። ሰረዝኩት።
ጎረቤቶቼ የሚደፉት የሳሙና ውሃ? ጠዋቱን ሙሉ አደባሁ። በቦዩ ነው የሚሄደው። ሰረዝኩት።
ፀሐይ? ፀሐይዋ ለሰባቱም አንድ ናት። ሰረዝኩት።

ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሙሉቀን ባጃጁን እየወለወለ ነበር። አይቶ እንዳላየ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ እትዬ» አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ስምንት ነን እኮ። ከዚህ ከተነሳን ሌላው ተራ ሁሉ ሞልቷል፣ የሚቀበለን የለም» አለ። ልመና አልነበረም፤ ነገሩን ነገረኝ እንጂ። እኔም «እሑድ ይታያል» ብዬ አለፍኩ። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከሰዓት አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ዛፎች በእጃቸው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ስንቱ ወይራና ዝግባ እሳቸው የተከሉት ነው። ስለ ዛፎቹ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ብርጭቆውንም ጭምር። ዘይቱን ትተው «ስንት ጊዜ ታጠጫለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ጠዋትና ማታ፣ ክትሩ እስኪሞላ፣ አንድም ቀን ሳልዘል አልኩ፤ እንዲያመሰግኑኝም ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፣ ዶማ ይኑርሽ» አሉኝ።

ዶማ ምን ያደርጋል?

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

አባ መጡ። አራተኛዋ አጠገብ ተንበርክከው ቀስ አድርገው ቆፈሩ። ከላይ ጭቃ፣ ከሥሩም ጭቃ፣ ዋልካው አፈር ቅቤ መስሏል። ከዚያ ሽታው ወጣ፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል። ሥሯን ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ እንደ ካልሲ ወልቆ እጃቸው ላይ ቀረ። ውስጡ ጥቁር ነው።

«ይኸማ ረግረግ ነው እኮ ልጄ። ዙሪያውን ማን ከተረው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

ቀና ብለው አዩኝና «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የቁሐር ሚካኤሉን አባቴን ስም ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ። «በይ አሁን ገባኝ። ሩዝ አድርገሻቸዋል።»

እውነታቸውን ነው። በቁሐር ሚካኤል የሚዘራው ሩዝ ነው፤ የማሳው ውሃ ከጎደለ አባቴ ምሳ አይበላም ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከምሳዬ በፊት የማየው ክትሩን ነው፤ አይጥ የበሳው ቀዳዳ ካለ በተረከዜ እደፍነዋለሁ። ውሃ የተኛበት ማሳ ጥጋብ ነው፣ ውሃ የሸሸው ማሳ ውርደት። ቅጠል ቢጫ ሲሆን እጄ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው፤ ውሃ መጨመር። ግራቪሊያ ሩዝ አለመሆኗን እጄ አልሰማም።

«ሰባተኛዋስ?» አልኳቸው። ሄደን አየናት። ባጃጆቹ እየዞሩ ሲመለሱ ጎማቸው ክትሯን ሜዳ አድርጎታል፣ ያጠጣኋት ውሃ ሁሉ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ይህን ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ! የዚህን ደብተር ገጾች ወደ ኋላ ብገልጥ ሞልቷል፤ «ዛሬም ክትሩን አፈረሱት»፣ «ዛሬም አፈረሱት»፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ይሻላቸዋል»። እየጠገንኩ፣ እነሱ እያፈረሱ፣ በግድ አዳኗት።

አባ ሲሄዱ «ውሃውን ልቀቂው፣ ሌላው የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። ስለ እሑድ አላነሱም። አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ክትሮቹን ማፍረስ ጀመርኩ። ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ሦስተኛዋን ስጨርስ ወገቤ እምቢ አለኝ። ሙሉቀን ከተራው አይቶኝ መጣ። «ምነው፣ የሠሩትን ያፈርሳሉ?» አለኝ።

«በቃቸው ብዬ ነው» አልኩት።

ዶማውን ከእጄ ተቀበለና የቀሩትን ሦስቱን አፈረሳቸው፣ ወደ ቦዩ የሚወስድም ቀጭን መስመር አወጣላቸው። ውሃው እየተጎተተ ሲወጣ አብረን ቆመን አየን። «ይኸ ሁሉ ውሃ ታቁሮ ነበር?» አለ ገርሞት። አዎ አልኩ። እሱ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። የከሰስኩት ሰው የጥፋቴን ማስረጃ በገዛ እጁ ቆፍሮ ሲያፈስስልኝ አመሰግናለሁ ብቻ ብዬው ገባሁ።

ያልኩት ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ቅርፊታቸውን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁ፤ አባ ናቸው ያስተማሩኝ። ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለ። አንደኛዋ አረንጓዴ። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋም። አምስተኛዋና ስድስተኛዋ ምንም አልሆኑም። አራተኛዋ ቡናማ፣ ከላይም ከመሃሏም።

ጋሽ ደሴ በደጄ ሲያልፉ ፊርማው መሙላቱን ነገሩኝ። «ያንቺን አይቶ ነው ሁሉም የፈረመው፤ ጥሩወርቅ ሳታጣራ አትናገርም እየተባለ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ምሳ አልበላሁም።

ዝም ብል ማን ያውቃል? አባ ሐሜት አይወዱም። ዛፎቹ ያገግማሉ፣ ባጃጆቹ ይሄዳሉ፣ ሰፈሩም «አየሽ፣ ሲነሱ ለመለሙ» ይላል። እንዲያውም ስም አገኝበታለሁ። ይህን ማሰቤን እዚህ የምጽፈው በኋላ አላሰብኩም ብዬ እንዳልክድ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ተናገርኩ።

ጋሽ ደሴ ማመልከቻውን ሊያነቡ መነጽራቸውን ሲያደርጉ ተነሳሁ። አዘጋጅቼ የሄድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ክትሩን፣ ሥሩን፣ ብርጭቆውን፣ ሰባተኛዋን፣ ሁሉንም እንደ መጣልኝ አወራሁ። ያየሁት አንድ ሾፌር ብቻ መሆኑንም። «ሩዝ አድርጌያቸው ነው» ስል ከኋላ አንድ ሰው ፈነዳ፣ ሌላውም ተከተለው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሩዝ ሲከትር ያላደገ ጥቂት ነው። ሲስቁ አለቀስኩ።

ሙሉቀን አልሳቀም። «ሙሉቀን፣ በስብሰባ ወነጀልኩህ፣ በስብሰባ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ» አልኩት። «ዓርብ ዕለት ያውቁ ነበር?» አለኝ። «አውቅ ነበር።» ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ይቅር ብያለሁ አላለም። ዘይት የሚደፋ ሾፌር ካለ ግን እሱ ራሱ እንደሚያስቆም ለጋሽ ደሴ ቃል ገባ። ማመልከቻው ሳይነበብ ተቀደደ።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ዛሬ አላጠጣሁም። የውሃው ጎማ ተጠቅልሎ በር ሥር ተቀምጧል፤ እኔም ሥራ እንደ ፈታ ሰው ደጃፌ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። እጄ ይበላኛል።

አላስቻለኝም፣ ወደ አራተኛዋ ሄድኩ። ቅርፊቷን ከታች፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ፋቅሁ። አረንጓዴ መሰለኝ። ይሁን ብዬ ስለተመኘሁ ይሆን? ዓይኔን ከእንግዲህ ብቻዋን አላምናትም። ቀና ስል ሙሉቀን ከባጃጁ ውስጥ እያየኝ ነው። ልጥራው አልጥራው አልኩ። ጠራሁት።

መጣ። አጠገቤ ቁጢጥ አለ፣ በጥፍሩ ሌላ ቦታ ፋቀ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። እንደገና ፋቀ።

«እንጃ» አለ። «ያለች ትመስላለች።» ጥፍሩን በሱሪው ጠርጎ ተነሳና «ነገም እንያት» አለኝ።

እንያት ነው ያለው።