እንቁላል በፍልሰታ

ሰኞ

ሰገራህ ደም አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አለው አልኳት። ምን ያሳፍራል? የታመመው አንጀቴ ነው፣ ስሜ አይደለም።

ጌታሁን፣ እንዳልኩህ ጻፍ፤ አታሳምረው። የበላኸውንና ሆድህ ያለውን በየቀኑ አስጽፍ ያለችኝ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ናት። ሱዳናዊት፣ የልጄ እኩያ። ፊደል አልቆጠርኩም ብላት፣ "የሚጽፍልህ ፈልግ። የሰው አንጀት ጠባዩ ለየቅል ነው፤ ያንተን ካንተ በቀር ማን ይነግረኛል?" አለች። ወደድኳት።

ከዚያ ተቆጣችኝ። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ የጠዋቱን ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይቼ ከማታው ጋር አንድ ላይ እውጠው ነበር። ጾም እንዴት በኪኒን ይገደፋል ብዬ። ሲፈታም የምበላው ምስር ወጥና ሽሮ ነው፣ በሚጥሚጣ። በቆሰለ አንጀት! ከስቻለሁ። ሐኪሙ፣ "እሑድ ተመለስ፤ ከዚህ ክብደት ከወረድክ አስተኛሃለሁ" አለ።

ለአሠሪዬ ለባባ ነገርኩት። እዚህ ዐረብ አገር፣ ዐይን ኻሊድ ሰፈር፣ የእሱን መኪና ስነዳ ነው ያረጀሁት። "ያ ደምሴ፣ ከተኛህማ ኸላስ፣ በቃ፤ አገርህ ገብተህ እረፍ" አለኝ፣ በደግ አፍ። በደግ አፍ መሸኘት ከስድብ ይብሳል። አገሬን እገባለሁ፤ ግን በራሴ እግር፣ ራሴ በቆረጥኩት ቀን።

ማክሰኞ

የታዘዝኩት ይኸ ነው። ነጭ ሩዝ። ተልጦ የተቀቀለ ድንችና ካሮት። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ውኃ ሳይጠማም። በርበሬ፣ ቃሪያ፣ ምስር፣ ሽምብራ ቁስሉ እስኪበርድ ይቆዩ። ለዘላለም አይደለም ብላለች።

ድንቹስ ይሁን። እንቁላል በፍልሰታ? ሕፃን የሚጾመውን ጾም? ነፍስ ካወቅሁ አፍርሼው አላውቅም።

ሩዝና ድንች ብቻ በላሁ። ሆዴ ቀኑን ሙሉ ሲያስሮጠኝ ዋለ። መሪ ስይዝ፣ የባባ ሚስት ማዳም በመስታወት አየችኝ።

ረቡዕ

አገር ቤት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ደሙንም አልደበቅሁ።

"መድኃኒትህን በሰዓቱ፣ ምግቡንም እንዳዘዙህ ብላ። ፈቅጄልሃለሁ" አሉኝ።

"እንዲያው በነጻ፣ አባ?"

"በነጻማ አይደለም። እስከ ፍቺው ድረስ ምላስህን ታስጾማለህ። ስድብ የለ፣ ሽሙጥ የለ፣ ማን ደፈረኝ የለ።"

ከዚህስ ውኃ ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እንቁላሉን የቀቀለልኝ ጌታሁን ነው፣ ይኸው አንድ ክፍል አብሮኝ የሚኖረው፣ ሉሰይል ሰፈር ጥበቃ የሚሠራው። እሱ ይጾማል። በጣቱ ጫፍ እየላጠ፣ "ጋሼ ደምሴ፣ ሽታው ብቻ ያስገድፋል እኮ! እኔንም ይዘውኝ ሲኦል ሊገቡ ነው?" አለኝ። ጻፈው፣ አትዝለለው። መልስ ነበረኝ፤ ጥሩ መልስ። ከእንቁላሉ ጋር ዋጥኩት።

ሐሙስ

ኪኒን ከቁርስ ጋር። እንቁላል። ሩዝ በተቀቀለ ዓሣ። ሙዝ። ከትናንቱ ቀለል ብሎኛል። ደም፦ አለ፣ ጥቂት።

ጌታሁን አልጫውን በቃሪያ ሲበላ አየሁት። አየሁት ብቻ።

ዓርብ

ከቅዳሴ ወጥተን ጥላ ሥር ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። ተሸሽጌ አልበላም፤ ሌባ አይደለሁም። አንዲት ሴት እንቁላሉን አየችና፣ "አባባ፣ ለእርስዎ ፍልሰታ ቀድሞ ተፈታ?" አለች። ሳቁ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቷንም አልምራት። "አንጀቴ ቆስሎ ደም እያስቀመጠኝ ነው ልጄ። ተፈቅዶልኝ ነው" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሳቁ ቆመ። አንገቷን ደፋች።

ወደ መኪናው ስሄድ ሌላዋ ተከተለችኝ። አል ዋክራ ከተማ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ቀጭን። "አባባ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ለማዳም እንዴት ብዬ ልንገራት? የኪንታሮት ነው ብዬ ዝም አልኩ" አለች በሹክሹክታ።

"በግምት አትታከሚ፣ የእኔንም ምግብ አትቅጂ። ሐኪም ይይሽ። 'ደም እያስቀመጠኝ ነው' ብለሽ ተናገሪ፤ ያመመው ሰው እንጂ ያጠፋ ሰው አይደለሽም" አልኳት። ፊቴ ደወለች። እንደ ነገርኳት ተናገረች። ማዳሟ ነገ እወስድሻለሁ አለቻት። እኔ ደምሴ፣ በሆድ ሕመሜ ኮራሁ።

ቅዳሜ

ደም አላየሁም። ሁለቴ አረጋገጥኩ። ጌታሁን ሳልነግረው ድንች ልጦ ጠበቀኝ። አመሰገንኩት። ደነገጠ።

እሑድ

ባባ ራሱ መኪናውን ይዞ ሆስፒታል አደረሰኝ። እንደምተኛ ቆርጧል፤ ልብሴንም በፌስታል አስይዞኛል።

ጫማዬን አውልቄ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሱዳናዊቷ አየች፣ ጎንበስ ብላ ደግማ አየች። አልወረድኩም። እንዲያውም ትንሽ ጨምሬአለሁ። ጌታሁን የጻፈውን በስልኳ አስተርጉማ ስታነብ፣ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

ሐኪሙ አልጋ አያስፈልግም አለ። ኪኒኑን እንዳላቋርጥ፣ ከደማሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ። "ይኸ በሽታ ይተኛል እንጂ አይሞትም" አለኝ። መቼ እንደሚነቃ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ፌስታሌን ይዤ ወጣሁ። ባባ መሪው ላይ ነበር። የእሱን በር ከፈትኩና ቆምኩ። ለቁልፉ እጄን ብቻ ዘረጋሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ቁልፉን ሰጠኝና ወርዶ ከኋላ ተቀመጠ።

"ያላ፣ ደምሴ" አለ።

ወንበሩን በልኬ አስተካክዬ ነዳሁ።