«መነጽር» እና «መነፅር»

ኅዳር 3

ዛሬም ያው ነው። ሁለት መነጽር፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ እግር ጫማ። አንድ እግር! ሰውዬው እንዴት አድርጎ ቤቱ ገባ? መናኸሪያው ውስጥ «የተገኙ ዕቃዎች» መስኮት ላይ ከተቀመጥኩ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ይኼን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ የኮምፒውተር ትምህርት በስልኬ ጀመርኩ። ዳታቤዝ መጠየቅ፣ ድረ ገጽ መሥራት... በቀን አሥር ደቂቃ። አስተማሪዋ ፊቷ አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ናት። «ሠንጠረዥ ማለት ረድፍና ዓምድ ነው» ስትል ሳቄ መጣ። ይኼማ የእኔ መዝገብ ነው!

ኅዳር 5

«ሰሌክት»፣ «መርጠህ አምጣ» ማለት ነው፣ ብዬ ጻፍኩ፣ መለሰልኝ። መለሰልኝ እኮ!

ኅዳር 9

ኃላፊው መጣ። «መጋዘኑ በታኅሣሥ መጨረሻ ይለቀቃል። ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ ይወገዳል።» እኔስ? «አንቺ ወደ በር ቁጥጥር ትዛወሪያለሽ።» በቃ፣ እንዲህ በአጭሩ።

ከጎኔ ያለው መስኮት የዝምታ ነው። ዝምታ ያልነው አፉ ስለማይዘጋ ነው። «ዕቃ ጠፋብኝ» የሚለውን የሚመዘግበው እሱ፣ የተገኘውን የምመዘግበው እኔ። በዕለቱ ካልተገኘ ባለ ዕቃዎቹን «የለም» ብሎ ይሸኛቸዋል፤ ዕቃው ደግሞ በሳምንቱ እኔ ጋ ይመጣል። መሀላችን አንድ ግድግዳ። ሁለቱን መዝገብ አስተያይተን እናውቃለን? አናውቅም። ኮምፒውተር ውስጥ ባስገባቸውስ?...

ኅዳር 21

አለቀ! ዝምታ እያነበበ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ የሁለት ዓመት መዝገብ ገባ። «እትዬ፣ ጣትሽ እኮ እሳት ሆነ» አለኝ።

ኅዳር 24

ኮምፒውተሩን «መነጽር» የሚለውን ሁሉ አምጣ አልኩት። አራት። መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ስምንት አለ! ትምህርቱን ሦስቴ ደገምኩት። ያው አራት። የደነቆርኩት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኩት። ማስታወቂያ ጻፊ ነው፤ ኮምፒውተር አይነካም፣ ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ሲቀባ የኖረ ሰው። ብሩሹን እንኳ ሳያስቀምጥ «በየትኛው ጸ ነው የጻፍሽው?» አለኝ።

በየትኛው ጸ... ወይ ጉዴ! አራቱን በጸሎቱ ጸ፣ ሠላሳ አራቱን በፀሐዩ ፀ! ለእኔ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን አይተዋወቁም። ግንባሩን ሳምኩት።

ኅዳር 26

ፀውን ሁሉ ወደ ጸ ቀየርኩ። ሌሎቹንም መንታ ፊደሎች እንደዚያው። ሠላሳ ስምንት!

ታኅሣሥ 2

የዛሬው ትምህርት «ጆይን»። ሁለት ሠንጠረዦችን በሚጋሩት ነገር ማገናኘት። የዕቃውን ስም አላመንኩትም፤ ሰው ለአንድ ዕቃ አሥር ስም ያወጣል። በአውቶቡሱ መስመርና በጉዞው ቀን አገናኘሁ። ቁልፉን ተጫንኩ... ረድፉ ወረደ፣ ወረደ፣ አላባራ አለ። ጮህኩ። ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ምን ነካሽ?» ዝምታ ነው፣ ከግድግዳው ማዶ።

«ና እይ!»

የማይመሳሰለውን እየጣልን ስልሳ አንድ ቀረ። ስልሳ አንድ ባለቤት!

ታኅሣሥ 4

እየደወልን ነው። አንዱ «ሄደሽ ሌላ ሰው አታልዪ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ጃንጥላውን ልሰጠው እኮ ነው...

ታኅሣሥ 6

እኔ «የጆሮ ማዳመጫ» ብዬ የመዘገብኩት፣ ዝምታ ጋ «የመስሚያ መሣሪያ» ሆኖ ተገኘ። የሙዚቃ መስሎኝ... ዓመት ሙሉ! ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ከልጃቸው ጋር መጡ። ዝምታ ሮጦ ባትሪ ገዛ። ጆሯቸው ውስጥ አስገቡት።

«አባባ፣ ይሰማዎታል?» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄ፣ ምን ያስጮህሻል? እሰማለሁ እኮ» አሉ። ውጭ አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ሰምተው ሳቁ። ልጃቸው ፊቷን አዞረች። እኔም።

ታኅሣሥ 15

ድረ ገጹ ላይ ነኝ። ባለ ዕቃው ራሱ ገብቶ የሚፈልግበት፣ ሾፌሩም ያገኘውን የሚመዘግብበት። «ፈልግ» የሚለውን ብጫነው ዝም። ሁለት ቀን! ለካ ከጻፍኩት ትእዛዝ አንዲት የጥቅስ ምልክት ጎድላ ኖሯል። መልኩ ግን... ባለቤቴ አይቶት «ይኼን ቀለም ማን ጠላትሽ መረጠልሽ?» አለ። ነገ እሱ ይመርጣል።

ታኅሣሥ 25

ኃላፊው ገጹን ቆሞ አየ። ከዚያ ተቀመጠ። ከዚያ ራሱ ሞከረ።

«ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«በቀን አሥር ደቂቃ» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ምሳ ሰዓቴን ሁሉ በልቶታል።

መጋዘኑ አልተረፈልኝም፣ ይወስዱታል። የቀረው ዕቃ ግን አይጣልም፤ ሁለት ቁም ሳጥን ይሰጠናል። የበር ቁጥጥሩም ቀረ። ገጹን ለከተማው አራቱም መናኸሪያዎች እንድዘረጋ ታዘዝኩ። እኔ!

ጥር 9

ጉንፋን ሁለት ቀን አልጋ ላይ ጥሎኝ ሰነበተ። ዛሬ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ሠንጠረዡን ከፈትኩ። የማላውቀው ረድፍ አለ። «ሰማያዊ ቦርሳ፣ የልጅ መድኃኒት ያለበት።» እናትየዋ ራሷ በስልኳ የጻፈችው። የተገኘበትንም ሾፌሩ ራሱ ሞልቶታል። ጠፋ፦ ትናንት ሦስት ሰዓት። ተገኘ፦ አምስት ሰዓት። ተወሰደ፦ ስድስት ከሩብ።

ሦስቴ አነበብኩት። ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አልፈለገኝም። ይኼ የሚሰማኝ ቅናት ነው እንዴ?... የለም፣ ደስታ ነው። ደስታ ነው እንጂ! እኔ እኮ በዚያ ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ አፍንጫዬን ስጠርግ ነበር።