እህቴን ለሚያበላት ክቡር ድርጅት

ይድረስ ለተከበሩ የቪዲዮ ማሰራጫው ድርጅት የቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ በተለይም የምግብ ፍላጎትዎ፣ ሳይጓደል እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ኮሪያውያን በጀመሩት ፈሊጥ ካሜራ ፊት ተቀምጣ የአምስት ሰው ምግብ ብቻዋን ስትበላ በድርጅትዎ በኩል ለሕዝብ የምትታይ፣ እርስዎም «ኮከባችን» ብለው የምስክር ወረቀት የላኩላት ልጅ ናት። ስለ ወረቀቱ እጅግ እናመሰግናለን፤ እናታችን ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ሰቅላዋለች። እህቴ ግን ከእኛ ጋር ገበታ ከቀረበች ሰባት ወር አልፏታል።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩ኛ. ተመልካቾችዎ ይህን ሁሉ በልታ እንዴት አትወፍርም ብለው ሲደነቁ እኔም አብሬ ተደንቄያለሁ። የቀረጻ ቀሚሷን ወገቡ ላይ አጥብብልኝ አለችኝ፤ አጠበብኩላት። በወሩ ደገምኩ፣ ከዚያም ሠለስኩ። ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምውል ሰው፣ ከበላች በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ለምን እስከ ጥግ እንደምትከፍተው አልጠየቅኋትም። የበላችውን ሁሉ ታስመልስ ነበር። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም።

፪ኛ. የገባኝ ዕለት ብቆጣት፣ ዓይኗ ደም ለብሶ፣ «ወንድምዬ፣ ካቆምኩ ማን ያየኛል?» አለችኝ። ስለዚህ ቪዲዮዎቿን አንሱልኝ ብዬ ለእርስዎ አራት ጊዜ ጻፍኩ። ሌላ ባለሥልጣን ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኝ ነበር፤ እርስዎ ግን አራቱንም ጊዜ ደብዳቤዬ ተነቦ በማያልቅበት ፍጥነት፣ ቪዲዮው ሰው ሲመገብ ብቻ ስለሚያሳይ ደንብ አልጣሰም ብለው መለሱልኝ። ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ. አንድ ቀን መሃል ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ አልቻልኩም ብላ አለቀሰች። ያንን ቪዲዮ ድርጅትዎ ተመልካች ይረብሻል ብሎ ወዲያውኑ አነሳው። ደንብ እንዳላችሁ ያመንኩት ያኔ ነው።

አሁን ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሟ ልቧ ደክሟል ብሎናል፤ ሲናገር ፊታችንን አላየም። አቤቱታዬም ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ስለሆነ ከእርስዎ ምንም አልጠይቅም።

ደንብዎን በቃሉ የሸመደደው፣ ፍጥነትዎን ሲያደንቅ የሚኖረው፣
የኮከብዎ ታላቅ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት «ዘጠኝ ቀን ጠፋሽ፤ ተመልካቾችሽ ናፍቀውሻል» የሚል መልእክታችሁ በስልኳ ደረሰ። ከእናቷ እጅ አንድ ማንኪያ ሾርባ አልቀበል ያለች ልጅ ይህን ስትሰማ ቀና አድርጉኝ አለች። እናቴ ሌላ ዘዴ ስላጣች የስልኩን ካሜራ ከፍታ ፊቷ ደግና ያዘችላት፤ እህቴም ለስልኩ ፈገግ ብላ ሾርባውን ጨረሰች። እንኳን ደስ ያለዎት፤ እናቴንም ቀጥረዋታል።