ድንጋይ ተሸካሚዎቹ የአምባ ጊዮርጊስ ሴቶች

ጎንደር፣ ጥር ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ስኂንዬ፣

ካርዱ ላይ ያለውን ግንብ ተይው፤ እሱን ሁሉም ያየዋል። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ትናንት አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ ዘመዶች ጠመንጃ ይዘው ተፋጠጡ። ይኼኔ የሁለቱም ወገን ሴቶች በጫንቃቸው ድንጋይ ተሸክመው መሐል ገቡ! ድንጋይ የሚሸከመው ይቅርታ ለማኝ በዳይ ነው አይደል? እነሱ ማንን በደሉ?

አያ ዳኛው የሚባለው ያንደኛው ወገን አለቃ ልመና መስሎት፣ «ይቅር ብለናል፣ አውርዱ» አለ።

ልጇ በዚሁ ደም የሞተባት ትርንጎ የምትባል ባልቴት፣ «ምነው አያ ዳኛው! ልጄን የቀበርሁ እኔ፣ ይቅር ባይ አንተ? ምንሽርህን ሳታወርድ ይህ ድንጋይ አይወርድም!» አለችው።

ድንጋዩን እንደተሸከመች ፊቱ ቆመች። በመጨረሻ አያ ዳኛው አንገቱን ደፍቶ ምንሽሩን መሬት ላይ አጋደመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እሷ ግን የመጨረሻው ጠመንጃ እስኪወርድ ድንጋዩን አልለቀቀችም።

እኛ ሰፈር ጠብ ሲነሣ «ሴቶች፣ ቤት ግቡ!» ይሉናል፤ እኛም በር ቀርቅረን በቀዳዳ እናያለን።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። አባቴንም ሰላም በይልኝ፤ ከእንግዲህ ግን «ግቢ» ቢሉኝ አልገባም።

ያንቺዋ ታየች